ሰሙ የበዛ እርሳስ፣ ወርቁ የበዛ እርሳስ

ስለ እርሳስ መጻፍ ለተማሪዎች ኅብረት መጽሔት የሚገባ ነውን? ብለው የሚጠይቁን ጓደኞች እንደሚኖሩ እናውቃለን። የምግብ ቤቱ ጉዳይ፣ የመኝታ ክፍሉ ጉዳይ፣ የፈተናው ጉዳይ እያለ ባለቀለም እርሳስን ምን አመጣው? ይሉናል። መልሳችን አጭር ነው። እርሳሱ የሚገዛው ከኪሳችን ነው፤ በእርሳሱ የምንሠራው ሥራ ማርክ ያሰጠናል ወይም ያስቀንሰናል፤ ከማርኩም በኋላ አንዳንዱ ሥራ ከእኛ ዕድሜ በላይ ሊቆይ፣ ወይም ዓመት ሳይሞላው ሊደበዝዝ ይችላል። ሦስቱም ለተማሪ ቀላል ነገር አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሁለት ዓይነት ባለቀለም እርሳስ ይሸጣል። አንደኛው «የተማሪ» ይባላል፤ ሁለተኛው «የሠዓሊ» ይባላል። ከላይ ሲያዩዋቸው የሁለቱም እንጨት እንጨት፣ የሁለቱም ቀይ ቀይ ነው፤ ዋጋቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ነጠላ የሠዓሊ እርሳስ ዋጋ 12 እርሳስ ያለበት ሙሉ የተማሪ ሳጥን ይገዛል። በዚህ ልዩነት ምክንያት በመካከላችን ሁለት ወገን ተነሥቷል። አንደኛው ወገን፣ በርካሽ እርሳስ የሚሠራ ሁሉ ጊዜውን ያባክናል፣ ሥራውም ሥራ አይባልም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ልዩነቱ የስም ብቻ ነው፣ ገንዘቡ የሚከፈለው በእርሳሱ ላይ ለተጻፈው የወርቅ ፊደል ነው ይላል። እኛ ሁለቱም እውነቱን በግማሹ ይዘውታል እንላለን። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለሥራ ሁሉ አያስፈልግም፤ ለተማሪ ሁሉም ግዴታ ሊሆን አይገባውም።

ልዩነቱን ለመረዳት እርሳሱን ሰንጥቆ ማየት ያሻል። የተለመደው ጥቁር እርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ አፈር ነው፤ ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ በ1795 ባስመዘገበው ዘዴ መሠረት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሁለቱ ተቀላቅለው በእቶን ይተኮሳሉ። ባለቀለም እርሳስ ግን እንዲህ አይተኮስም፤ ቢተኮስ ሰሙም ቀለሙም ይበላሻል። ስለዚህ ውስጡ ያለው ዘንግ የሚሠራው ከሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ቀለሙን የሚሰጠው ዱቄት፤ ሁለተኛ፣ ዱቄቱን አያይዞ ከወረቀት ጋር የሚያጣብቀው ሰም ወይም ዘይትና ሙጫ፤ ሦስተኛ፣ እንደ ታልክና እንደ ነጭ ሸክላ አፈር ያለው ማሟያ ነው።

እንግዲህ የዋጋው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀለም ዱቄት ውድ ነው፤ ሰምና አፈር ርካሽ ናቸው። የተማሪ እርሳስ የሚሠራ ፋብሪካ ዱቄቱን ይቀንስና ሰሙንና አፈሩን ያበዛል፤ ከዱቄቱም ርካሹን ይመርጣል። የሠዓሊ እርሳስ የሚሠራው ደግሞ ዱቄቱን ያበዛል፣ ዓይነቱንም ይመርጣል። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ይባላል፤ ሰሙ ላይ የሚታየው ነው፣ ወርቁ ውስጥ ያለው ቁም ነገር ነው። በእርሳስም እንዲሁ ሆኖ አግኝተነዋል። ሁለቱም እርሳሶች ሰምም ወርቅም አላቸው፤ በአንደኛው ግን ሰሙ በዝቶ ወርቁ አንሷል።

ይህ በወረቀት ላይ እንዴት ይታያል? የተማሪው እርሳስ ደረቅና ፈዛዛ ይሆናል፤ ቀለሙን ለማድመቅ ስንጫነው ወረቀቱ ያብለጨልጫል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደረብነው በኋላም ሌላ ቀለም አልቀበልም ይላል። ወረቀቱ በሰም ስለ ተሞላ ነው። የሠዓሊው እርሳስ በቀላል እጅ ይደምቃል፤ ቢጫ በሰማያዊ ላይ ሲደረብ አረንጓዴ ይወጣል፤ ሌላም፣ ሌላም ይደረብበታል። ዘንጉም ወፈር ይላል፤ የተማሪው ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሠዓሊው ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በርካሹ እርሳስ ደግሞ ዘንጉ ከእንጨቱ መካከል ፈቀቅ ብሎ ስለሚገኝ በመቅረጫ በተቀረጸ ቁጥር ይሰበራል። እርሳሱ ሳይሠራበት በመቅረጫ ውስጥ ካለቀ፣ ርካሽ የተባለው እርሳስ ርካሽ አልነበረም ማለት ነው።

የሠዓሊውም እርሳስ ቢሆን ነውር አልባ አይደለም። ለስላሳ ስለ ሆነ ጫፉ ቶሎ ይደንዛል፤ ቢወድቅ ውስጡ ይሰበራል፤ ሰም የበዛበትም ዓይነት ከቀናት በኋላ በሥዕሉ ላይ እንደ ጉም ያለ ነጭ ሽፋን ያወጣል። ይህን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል፤ በዘይት የተያያዘውን ዓይነት ግን ይህ ነገር አያገኘውም።

የሠዓሊ እርሳስ የሚባለው ዕቃ ራሱ የቆየ አይደለም። የፋበር ቤት በጀርመን አገር በኑረምበርግ አጠገብ በሽታይን መንደር የተጀመረው በ1761 ቢሆንም፣ ፖሊክሮሞስ የተባለውን የሠዓሊ እርሳስ በ60 ቀለማት ያወጣው በ1908 ነው፤ ዛሬ ቀለማቱ 120 ናቸው። በአሜሪካ ፕሪዝማከለር የወጣው በ1938 ነው። በጄኔቭ በ1915 የተቋቋመው ፋብሪካም በ1924 ካራንዳሽ የሚለውን ስም ያዘ፤ ስሙ የአንድ የካርቱን ሠዓሊ የብዕር ስም ነበር፤ ትርጉሙም በመስኮብኛ እርሳስ ማለት ነው። ይህን የምንጠቅሰው የፋብሪካዎችን ስም ለማስታወቅ አይደለም። ባለቀለም እርሳስ የልጆች መጫወቻና የመዝገብ ቤት ምልክት ማድረጊያ ብቻ አለመሆኑን ሰው የተቀበለው ዘግይቶ መሆኑን ለማሳየት ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ምቾት ነው። ምቾትን ትጉህ እጅ ይተካዋል፤ በደረቅ እርሳስ የሚያምር ሥራ የሠሩ ጓደኞች አሉን። የእጅ ብልሃት የማይተካው ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከብርሃን ጋር ያለው ጉዳይ ነው።

ቀለም ሁሉ ብርሃን እኩል አይችልም። አንዳንዱ ዱቄት ለመቶ ዓመት ሳይለወጥ ይኖራል፤ አንዳንዱ በመስኮት ዳር በጥቂት ወራት ይሞታል። ይህ በእርሳስ ብቻ የመጣ አይደለም። ቪንሴንት ቫን ጎግ በ1888 በአርል ከተማ የመኝታ ክፍሉን ሲሥል ግድግዳውን ሐምራዊ አድርጎት ነበር፤ ራሱ በደብዳቤው ጽፎታል። ዛሬ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ግን የሚያየው ሰማያዊ ግድግዳ ነው። ሐምራዊውን ከሰማያዊ ጋር ሆኖ ያወጣው ቀይ ቀለም ብርሃን የማይችል ስለ ነበረ ጠፍቶ፣ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። ሠዓሊው አንድ ነገር አሰበ፤ ዓለም ግን ሌላ ነገር ያያል።

በሌላ በኩል የራሳችንን አገር እንይ። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው በብራናው ላይ የተደረገው የካርቦን ምርመራ አሳይቷል። ሥዕሎቻቸው ግን ዛሬም ቀለማቸው ደማቅ ነው። መጽሐፉ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ ብርሃን አልጎዳው ይሆናል፤ ቢሆንም የጥንት ሠዓሊዎች የሚቆየውን ቀለም ከማይቆየው ለይተው መምረጥ ያውቁ ነበር። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እንኳ ሳናነብ የምንገዛ ከሆነ፣ በዚህ ነገር ከእነርሱ ወደ ኋላ ቀርተናል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናንብብ? ብርሃን የመቻልን ኃይል የሚለኩ ሚዛኖች አሉ። አንደኛው የሰማያዊ ሱፍ ሚዛን ይባላል፤ 8 ቁራጭ ሱፎች ናቸው፤ ከ1 እስከ 8 በተራ የተሰለፉ ሆነው፣ እያንዳንዱ ከፊተኛው በእጥፍ ገደማ ብርሃን ይችላል። የሚመረመረው ቀለም ከእነርሱ ጋር በብርሃን ውስጥ ይቀመጥና ከየትኛው ጋር እኩል እንደ ፈዘዘ ይታያል። ሁለተኛው ለባለቀለም እርሳስ ብቻ የወጣው ዲ 6901 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ ነው፤ በዚህ ደረጃ አንድና ሁለት የሆኑት ለሚቆይ ሥራ የታመኑ ናቸው። አንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ በየእርሳሱ ላይ ኮከብ ያትማል፤ ሦስት ኮከብ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የተማሪ እርሳስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ብርሃን አንዳች ቃል አይናገርም። ዝምታውም ራሱ መልስ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ «የሠዓሊ» የሚለው ቃል በዓለም ሁሉ የታወቀ አንድ ሚዛን የለውም፤ ማንም ፋብሪካ በሳጥኑ ላይ «ፕሮፌሽናል» ብሎ ሊያትም ይችላል። ሁለተኛ፣ በታወቀው የሠዓሊ ሳጥን ውስጥም ቢሆን ሁሉም ቀለም እኩል አይደለም፤ በተለይ ደማቅ ሮዝና ሐምራዊ ቀለሞች ብዙ ጊዜ ደካሞች ናቸው። ሦስተኛ፣ በሳጥኑ ላይ የሚታየው የደኅንነት ምልክት እርሳሱ ልጅን እንደማይመርዝ ይመሰክራል እንጂ ቀለሙ እንደሚቆይ አይመሰክርም። ምስክሩን ካልመሰከረው ነገር ጋር ማደባለቅ የሻጩ ሥራ ነው፤ መለየት ግን የእኛ ነው።

የታተመውን የማያምን ሰው ራሱ ይመርምር፤ ላቦራቶሪም አያስፈልገውም። በአንድ ወረቀት ላይ ከየእርሳሱ አንዳንድ መስመር ወፍራም አድርጎ ይቀባ፤ ስማቸውን ይጻፍባቸው፤ ወረቀቱን ከመካከሉ ቆርጦ ግማሹን በመጽሐፍ ውስጥ ይደብቅ፣ ግማሹን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ይለጥፍ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያያቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ስለ ሆነች ፀሐይዋ ጨካኝ ናት፤ ፍርዷም ብዙ አያስጠብቅም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። የትኛው እርሳስ ለየትኛው ሥራ ነው?

የባዮሎጂ ተማሪ የሕዋስ ሥዕል ሲሠራ የሚያስፈልገው ቀጭንና የማይደነዝ ጫፍ ነው። ለዚህ ጠንከር ያለው የተማሪ እርሳስ ከለስላሳው የሠዓሊ እርሳስ ይሻላል እንጂ አያንስም። የጂኦሎጂና የጂኦግራፊ ተማሪ የካርታ መደብ ሲቀባ የሚፈልገው አንዱ ቀለም ከሌላው በግልጽ እንዲለይ ነው፤ ሥራውም ታርሞ በደብተር ውስጥ ይዘጋል፤ ፀሐይ አያገኘውም። የአናቶሚ ተማሪ የደም ሥሩን ቀይና ሰማያዊ የሚያደርገው ለማስታወስ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ውድ እርሳስ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ነገር ግን የሥነ ጥበብ ተማሪ ለመመረቂያ ኤግዚቢሽን የሚያቀርበው ሥራ፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪ በግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ንድፍ፣ ማንም ተማሪ ለሰው የሚሸጠው ወይም ለወላጁ በስጦታ የሚያቀርበው የመልክ ሥዕል ሌላ ነገር ነው። ሥዕል የገዛን ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ከንፈሩና ጉንጩ የፈዘዘ መልክ ሲያይ ምን ይለናል? ሸማ የሸጠለት ሸማኔ ቀለሙ በመጀመሪያው አጠባ ቢለቅ፣ ያ ሸማኔ በሠፈሩ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ሠዓሊ ከሸማኔ ያነሰ አደራ የለበትም።

ከዚህም ሌላ የማን ሥራ ተጠብቆ እንደሚቆይ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። በ1950ዎቹ መጨረሻ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ተጠርቶ የዩኒቨርሲቲያችን ክፍል ሆኗል። በዚያ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1981 በአሜሪካ አገር በስደት አረፈ፤ ሥራዎቹ ግን ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በስሙ በተሠራው ማዕከል ይታያሉ። ሥራ ከባለቤቱ ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ለመንገዱ ስንቅ የሚሆነው ግን የተሠራበት ቀለምና ወረቀት ነው።

አሁን የሚከራከሩንን እንስማ። አንዳንዶቹ፣ «ጀማሪ በመጥፎ እርሳስ ሲሠራ ጥፋቱ የእጁ ይመስለውና ትምህርቱን ይተዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በጥሩ እርሳስ ይማር» ይላሉ። በዚህ ክርክር እውነት አለበት። ወረቀት የሚቧጭር እንጂ ቀለም የማይሰጥ እርሳስ በገበያ ሞልቷል፤ ይህ ለማንም አይረባም። መድኃኒቱ ግን 72 ቀለም ያለው የሠዓሊ ሳጥን መግዛት አይደለም። በተማሪ ደረጃ ከሚሸጡትም ሻል ያሉ አሉ። ከዚያም በላይ የሠዓሊ እርሳስ ብዙ ጊዜ በነጠላ መሸጡን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ቡኒ፣ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ የያዘ ሰው እየደረበ አብዛኛውን ቀለም ያወጣል፤ መደረብንም ይማራል። በሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ በአሥር ዓይነት የተሰለፈለት ሰው ግን አረንጓዴ ከምን እንደሚወጣ ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል።

ሌሎቹ ደግሞ፣ «ሰው በከሰልም ይሥላል፤ ጥበብ በዕቃ አይደለም» ይላሉ። እውነት ነው፤ እንዲያውም ከሰል ካርቦን ስለ ሆነ ብርሃን አያጠፋውም፤ በዚህ ከውድ ሮዝ እርሳስ ይበልጣል። ይህ ክርክር እኛን የሚደግፍ እንጂ የሚቃወም አይደለም። ነገሩ የዋጋ ሳይሆን ዕቃን የማወቅ ጉዳይ ነው።

በጣም የሚያሳዝነን ግን ሌላ ነው። በአንዳንድ የትምህርት ክፍል በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጠን የዕቃ ዝርዝር የአንድ ፋብሪካ ስም ጠርቶ ይህን ያህል ቀለም ግዙ ይላል። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ለምን እንደ መረጠው አይነግረንም። ገንዘብ ያለው ይገዛል፤ የሌለው ከክፍለ ሀገር ለወላጆቹ ይደውላል፤ ወላጆቹም እርሳስ ይህን ያህል ያወጣል ብለው አያምኑም። በመጨረሻ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ አንዱ ይደምቃል፣ አንዱ ይፈዝዛል፤ ማርኩም ለተማሪው ይሁን ለእርሳሱ ሳይለይ ይሰጣል። ይህ ፍርድ አይደለም።

«የተማሪ» የሚለው ስምም ራሱ ያሳስበናል። የተማሪ ሐኪም፣ የተማሪ ድልድይ የሚባል ነገር ቢኖር ማን ይደፍረው ነበር? ተማሪ ማለት ዝቅ ያለ ነገር የሚበቃው ሰው ማለት አይደለም። ተማሪ ማለት ለምን እንደሚሠራ እያወቀ የሚመርጥ ሰው ማለት ነው። ርካሹን እርሳስ አውቀን ስንመርጠው የእኛ ነው፤ ሳናውቅ ሲሰጠን ግን መናቅ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር እናቀርባለን።

1ኛ፣ መምህራኖቻችን በዕቃ ዝርዝር ላይ የፋብሪካ ስም ከመጥራት ይልቅ ለሥራው የሚያስፈልገውን ጠባይ ይጻፉልን። «ጫፉ የማይደነዝ»፣ «የሚደረብ»፣ «ብርሃን የሚችል» ቢሉን ሁላችንም እንደ አቅማችን እንፈልጋለን። ማርክ ሲሰጡም እጁን ከዕቃው ለይተው ይዩ።

2ኛ፣ ኅብረቱ አንድ የጋራ ሳጥን ይግዛ። በሳጥኑ ውስጥ ብርሃን የሚችሉት ቀለሞች ብቻ ይኑሩበት፤ ለኤግዚቢሽንና ለመመረቂያ ሥራ እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በፊርማ ይዋሱ፤ ያለቀው ቀለም በነጠላ ይተካ። አንድ ተማሪ ብቻውን የማይችለውን አርባ ተማሪ በሻይ ገንዘብ ይችለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

3ኛ፣ የሥዕል ክበብ ከላይ የነገርናችሁን የመስኮት ምርመራ ያድርግ፤ በከተማችን መደብሮች የሚሸጡትን እርሳሶች ሁሉ መርምሮ ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፍ። አዲስ ገቢ ተማሪ በሻጭ ምላስ ሳይሆን በወንድሞቹና በእኅቶቹ ምስክርነት ይግዛ።

4ኛ፣ ሥራ የሚሰቀልበት ቦታ ይታሰብበት። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ኮሪደር ላይ የተሰቀለ ሥዕል በምንም እርሳስ ቢሠራ ይጎዳል። በየሥራውም ሥር በምን እርሳስና በምን ወረቀት እንደ ተሠራ ይጻፍ። ወረቀቱ አሲድ ያለበት ሆኖ ከቢጫነት ወደ ቡኒነት የሚሄድ ከሆነ ጥሩ እርሳስ ብቻውን አያድነውም፤ ቤት መሠረቱ ካልጸና ጣሪያው ምን ያደርጋል?

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ሳጥኑ በመዋጮ ይገዛል፤ ምርመራው አንድ ወረቀትና አንድ መስኮት ይበቃዋል፤ ዝርዝሩን ማረም ለመምህሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ነገሩን ከቁም ነገር መቁጠር ብቻ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ርካሹን እርሳስ ይዛችሁ አትፈሩ፤ ለደብተራችሁ፣ ለካርታችሁ፣ ለልምምዳችሁ ይበቃል። ውዱንም እርሳስ ይዛችሁ አትኩሩ፤ ኮከቡን ካላያችሁ እርሱም ይክዳችኋል። ነገር ግን አንድ ሥራ ሠርታችሁ ስማችሁን ከሥሩ ልትጽፉ በተነሣችሁ ጊዜ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሜ ቀርቶ ሥዕሉ ቢጠፋ ያ ፊርማ የምን ፊርማ ይሆናል? በጥቁር እርሳስ የተጻፈ ስም ብርሃን አያጠፋውም። ከበላዩ ያለው ሥራም ከስሙ እኩል እንዲቆይ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።